ብቻዬን የከፈትሁት ክፍል

የንስሐ አባቴ ይህን አያውቁም። ሌላውን ሁሉ ያውቃሉ። ጾም የገደፍሁበትን፣ በሐሰት የመሰከርሁበትን፣ በጉርምስናዬ የሠራሁትን ሁሉ ተንበርክኬ ነግሬያቸው ቀኖናዬን ተቀብያለሁ። ይህን ግን አንድም ቀን ከአፌ አላወጣሁትም። ለሚስቴ አልነገርሁም፤ ለጓደኛም አልነገርሁም። አሁን የምነግረው ለእርስዎ ነው፣ ይህን ለሚያነቡት፤ ማን እንደሆኑ ሳላውቅ። ምናልባት ያን ዕለት ከጻፉት አንዱ እርስዎ ይሆናሉ። ከሆኑም አይሂዱ፤ ለእርስዎም የሚደርስ ነገር አለኝ።

ቁጡ ሰው ነኝ፤ አስቀድሜ ልናገር። ይህን ስጽፍም ደሜ እየፈላ ነው። ግማሹ ቁጣዬ በሌሎች ላይ ነው፤ ይገባቸዋልም። ግን ይጠንቀቁኝ፤ እኔ በሌላ ሰው ላይ ስቆጣ ብዙ ጊዜ የራሴን ጉድ እየሸፈንሁ ነው።

ወረታ፣ ከደብረ ታቦር መገንጠያ አለፍ ብሎ፣ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። መታወቂያ አባዛለሁ፤ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ከዓመታት በፊት በስልክ የሚሠራ አንድ የውይይት መድረክ መጣ፤ አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች በአማርኛ የከፈቱት። ስሙን አልጠራም፤ ማስታወቂያ አልሠራለትም። መድረኩ ላይ ማንም ሰው የራሱን ክፍል ከፍቶ ስለፈለገው ነገር ማወያየት ይችላል። እኔ የፎገራን ክፍል ከፈትሁ። ስለ ሩዝ፣ ስለ ሽንኩርት፣ ርብና ጉማራ ሞልተው ስለሚያጥለቀልቁት ማሳ የሚወራበት ነበር። አንዱ ዘሩ በቀለላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላው የውሃ ፓምፕ የሚያከራይ ይፈልጋል፤ ሌላው መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ እንደሆነ ማወቅ ይሻል። ሰው ጎረፈ። ብቻዬን ስላቃተኝ አራት ሰዎች ገቡልኝና አምስት ሆንን። አወያይ ይሉናል። የተጻፈውን እናነባለን፣ ስድቡን እናስወጣለን፣ አጭበርባሪውን እናባርራለን። ደመወዝ የለውም፤ ምስጋናም እምብዛም የለውም። ደቦ ነበር በቃ።

ከአምስታችን አንዷ "ርብ ማዶ" በሚል የብዕር ስም የምትጽፍ ሴት ነበረች። እውነተኛ ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ አንዴ የበደልኋት ይበቃል። ሦስቱ አወያዮች ባሕር ዳርና ደብረ ታቦር ነበሩ፤ ወረታ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ባጃጅ ተራው ጥግ ላይ ትንሽ ምግብ ቤት ነበረቻት፤ ደንበኞቿ ባጃጅ ነጂዎችና የጭነት መኪና ረዳቶች ናቸው። እኔም ምሳዬን እዚያ ነበር የምበላው። ሰው ጋብ ሲል ከፊት ለፊቴ ትቀመጥና ሁለታችንም ስልካችንን ይዘን እንሠራለን። እጇ ላይ ብዙ ጊዜ ሊጥ ስለማይጠፋ ስልኳን የምትነካው በትንሿ ጣቷ ነበር።

ያኔ መድረኩ አንድ ጥሩ ነገር ነበረው፤ ማቆያ እንለዋለን። ክፉ ቃል ያለበት ጽሑፍ ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት እኛ ዘንድ ይቆያል። አንብበን ወይ እናሳልፈዋለን፣ ወይ እናስቀረዋለን። በእኛ አገር ይህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልንገርዎ። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሜዳው ላይ ሲተኛ ወባ ይነሣል። ልጅ ያተኩሰዋል፣ ያቃዠዋል። ያኔ ነው "እገሌን ቡዳ በላው፤ የበላችውም እገሊት ናት" የሚለው ጽሑፍ የሚመጣው፤ የሸክላ ሠሪዋ፣ የቀጥቃጩ፣ የሸማኔው ስም እየተጠራ። ርብ ማዶ እነዚህን አንድ በአንድ ታስቀራቸው ነበር። አስቀርታም ዝም አትልም። ለጻፈው ሰው ለብቻው ትጽፍለታለች፤ ልጁን ከመቼ ጀምሮ እንዳተኮሰው ትጠይቀዋለች፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ እንዲወስደው ትለምነዋለች። ስድብ ይመልሱላታል። ታነበዋለች፣ ትስቃለች፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። የክፍሉን ደንብ የጻፈችውም እሷ ናት፤ መጀመሪያው መስመር "እዚህ ቤት የማን ልጅ ነህ ተብሎ አይጠየቅም" ይላል።

አንድ ቀን እንዲህ ያለውን ጽሑፍ አስቀርታ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

"ወንድምዓለም፣ አንተ የመሪጌታ ልጅ ነህ" አለችኝ፤ በስሜ አትጠራኝም፣ ወንድምዓለም ነበር የምትለኝ። "ነገ ከሰው ሰምተህ ከምትሸሸኝ ከእኔው ስማ። ይፋግ ገበያ ሸክላ የምትሸጠዋ እናቴ ናት። እኔም ጭቃ ረግጬ ነው ያደግሁ።"

"ታዲያ ለእኔ ምን ሊያመጣ?" አልኋትና ከፊቴ ካለው እንጀራ ቆርሼ ጎረስሁ።

ያችን ጉርሻ ስንት ጊዜ እንዳሰብኋት! ያን ጊዜ ኮርቼባት ነበር። ከአገሬው ሁሉ የተሻልሁ፣ ዓይኔ የበራ ሰው መስሎኝ ነበር። ለካ ከእጇ መብላቴን እንደ ውለታ የቆጠርሁት ያኔውኑ ኖሯል። ውለታ የቆጠረ ሰው ደግሞ አንድ ቀን መልሱልኝ ማለቱ አይቀርም።

አሁን ወደ መድረኩ አስተዳደር ልምጣ። አንድ ጧት ስልካችንን ስንከፍት ማቆያው የለም። አንስተውታል። የጠየቀን የለም፤ የነገረን የለም። ምክንያታቸው በኋላ በአንዲት አጭር ማስታወቂያ መጣ፤ ማቆያው ጨዋታ ያቀዘቅዛል ይላል። ጨዋታ! ሰው በሰው ላይ ቡዳ ብሎ ሲጽፍ ለእነሱ ጨዋታ ነው። ብዙ በተጻፈ ቁጥር ብዙ ሰው ያያል፤ ብዙ ሰው ባየ ቁጥር ማስታወቂያቸው ይሸጣል። ቆሻሻውን የምናጸዳው እኛ፣ ቤቱ የእነሱ። እኔ ባደግሁበት አገር ደቦ የጠራ ሰው ጠላ ይጠምቃል፤ ማጭዱንም ይዞ ከፊት ይቆማል። እነዚህ ግን ደቦ ጠርተው ማጭዳችንን ቀሙንና በጥፍራችሁ ንጩት አሉን።

ጻፍንላቸው። መልስ የለም። ደግመን ጻፍን። የሌሎች ክፍሎች አወያዮችም፣ የጎጃሙ፣ የወሎው፣ የመምህራኑ፣ የነርሶቹ፣ ሁሉም ነድደው ነበር። ተጻጻፍንና ሁላችንም ክፍላችንን በአንድ ቀን እንድንዘጋ ተስማማን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል የሚባለው? በእኛ ክፍል ደጃፍ ላይ ርብ ማዶ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ "ዘግተናል። የሚጠብቀው የሌለ ቤት ክፍት አይደር። ማቆያው ይመለስ።" ሦስቱ በስልክ፣ እኔና እሷ በምግብ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ሆነን ቃል ተገባባን፤ ማናችንም ሳንመካከር አንከፍትም። ክፍሉን የመሠረትሁት እኔ ስለነበርሁ መክፈቻው በእኔ እጅ ነው። ስለዚህ ቃሉ ከሁሉ በላይ የእኔ ነበር። "በወለላይቱ!" ብዬ ማልሁ። ማል ያለኝ ሰው አልነበረም።

አስተዳደሩ ደነገጠ። ባዶ ቤት ማን ማስታወቂያ ይለጥፍበታል? መጀመሪያ አቆላመጡን፤ ቀጥለው ካልከፈታችሁ በቦታችሁ ሌላ እንሾማለን አሉ። ማናችንም አልተነቃነቅንም። ጥቅምት ነበር፤ ሩዙ ቢጫ ብሎ አጨዳ የሚጠብቅበት ጊዜ፤ ሰውም ክፍሉ ተዘግቶበት እያጉረመረመ እንኳ ከእኛ ጋር ነበር።

ከዚያ ስልኬ ጮኸ። ከአዲስ አበባ ነው፤ ጨዋ ድምፅ ያለው ወጣት።

"ወንድሜ፣ ክፍሉን የፈጠርከው አንተ ነህ አይደል? ታዲያ ለምንድን ነው ሌላ ሰው የሚወስንልህ?"

ምን ያህል ያውቁ ነበር! ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ምናልባት ጽሑፋችንን ብቻ አንብበው ይሆናል። ያ ልጅ ጣቱን ያሳረፈው በትክክል ቁስሌ ላይ ነው። እኔ በከፈትሁት ክፍል ውስጥ ሰው ጥያቄ ሲኖረው "ርብ ማዶ ምን ትላለች?" ነበር የሚለው። ጠብ ሲነሣ ዳኝነት የሚጠየቀው ከእሷ ነው። ልጅ የዳነለት ሰው የሚያመሰግነው እሷን ነው። እኔ ዝም ብዬ አይ ነበር፤ ፈገግም እል ነበር። ውስጤ ግን ይቆስል ነበር። ቅናት ይባላል፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

ልጁ ብትከፍት ዋና አወያይ ትሆናለህ አለኝ። ገንዘብ አልሰጡኝም፤ ቢሰጡኝስ እንዴት ባማረ፣ ድህነቴን ባሳበብሁ! የሰጡኝ ከብዕር ስሜ አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት ቢጫ ምልክት ናት፤ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ። ሰው ለስንት ነገር ይሸጣል? እኔ ለዚያች ምልክት ተሸጥሁ።

ከፈትሁት። ቀን ነበር፤ ደንበኛ ቆሞ መታወቂያው እስኪባዛለት ይጠብቀኛል። በአንድ እጄ ወረቀት እያስገባሁ በሌላው ከፈትሁት። ማንንም አላማከርሁም። ዘግተናል የሚለውን የእሷን ጽሑፍ አነሣሁና "ፎገራ ክፍት ነው" ብዬ ጻፍሁ። አስተዳደሩ ወዲያው ለሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ ላከው፤ ፎገራ ከፈተ፣ እናንተስ ምን ትጠብቃላችሁ እያለ። እስከ ማታ ሌሎችም መክፈት ጀመሩ። አድማው የፈረሰው በእኔ ነው። ሰው ሁሉ ሌላው የተዳከመ መስሎት ነበር፤ የተዳከመ አልነበረም፤ እኔ ነኝ የከፈትሁት።

ግን ኑዛዜዬ ይህ አይደለም። ይህስ ክህደት ብቻ ነው፤ ክህደትን ሰው ይቅር ይላል። ወደ ባሰው እየሄድሁ ነው።

ከሦስቱ አወያዮች አንዱ፣ ባሕር ዳር ያለው መምህር፣ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ሰው ሁሉ እያየ ጠየቀኝ። ምነው ቃላችን? ርብ ማዶ ሳትስማማ እንዴት ከፈትህ? ሌሎች ተከትለውት ጻፉ። እሷ ትምጣ፣ እሷ ትንገረን፣ እሷ ካላለች አንገባም። እሷ፣ እሷ፣ እሷ። ፊቴ ተቃጠለ። የሚከተለውንም ጻፍሁ፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

"ርብ ማዶ፣ ርብ ማዶ ትላላችሁ። ባጃጅ ተራው ጥግ ምግብ ቤት ያላት የይፋጓ ሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። ፎገራ የእሷን ፈቃድ ሊጠብቅ ነው እንዴ?"

ጻፍሁት። ላክሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ቡዳ የሚል ቃል የለም። ለዓመታት በዚህ ስጽናና ኖሬያለሁ። እኔ ቡዳ አላልሁም፤ የእናቷን ሥራ ብቻ ነው የጠራሁት፤ ሸክላ መሥራት ደግሞ ነውር አይደለም፤ እንዲህ እያልሁ ለራሴ ጥብቅና ቆሜያለሁ። እንዲህ ያለ ጠበቃ አይተው ያውቃሉ? ፎገራ ተወልጄ አድጌ፣ ቀሪውን ሰው ራሱ እንደሚሞላው ሳላውቅ ቀርቼ ነው? አውቄ ነው። እንዲሞሉት ነው የተውሁት።

ሞሉት። ማቆያ የለም፤ አራቱን አወያዮች ቃላቸውን ስለጠበቁ አስተዳደሩ ከአወያይነት አባርሯቸዋል፤ ቤቱን የምጠብቅ እኔ ብቻ ነኝ። አንዱ ባጃጅ ነጂ ትናንት እሷ ቤት በልቶ ስላደረበት የሆድ ቁርጠት ጻፈ። ሌላው ካቻምና የሞተ ልጅ ስም አነሣ። አንዱ "እያበላች ትበላናለች" አለ፤ ስንቱ እንደሳቀለት! ጤና ጣቢያ እንዲወስደው ለምና ልጁን ያዳነችለት ሰው እንኳ ከመካከላቸው ነበር፤ በብዕር ስሙ አወቅሁት። ማጥፊያው ጣቴ ስር ነው። አንድ ጊዜ ብነካው ሁሉም ይጠፋ ነበር። አልነካሁትም። ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ አነበብሁት። አንዱን ጨርሼ ወደሚቀጥለው ሄድሁ። መጀመሪያ ደነገጥሁ፤ ቀጥሎ፣ እውነቱን ልናገር ተቀምጫለሁና፣ ደስ አለኝ። ማንም "እሷ ምን ትላለች" አላለም።

ከአስተዳደሩ መልእክት መጣልኝ። "ክፍልህ ደምቋል፣ በርታ!" ይላል፤ የእሳት ነበልባል ሥዕል አለበት። ለእነሱ ይህ ድምቀት ነው። አንዲት ሴት በቁሟ ስትቃጠል ይሞቃቸዋል። ባሕር ዳር ያለው መምህር ጽሑፎቹ እንዲጠፉ ለአስተዳደሩ አቤት ብሎ ነበር፤ ምን ብለው እንደመለሱለት ያውቃሉ? ይህ የአወያዮች ሥራ ነው። ባባረሯቸው ማግስት! እንዲህ ያለውን ዓይን አውጣነት ያየሁት ያኔ ነው።

ጽሑፎቹን በማግስቱ አጠፋኋቸው። ሰው ሁሉ አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ማለት ነው።

ሐሙስ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ምግብ ቤቷ ሄድሁ። ለምን እንደሄድሁ አሁንም አላውቅም። ካልሄድሁ ሰው እኔ መሆኔን ያውቃል ብዬ ፈርቼ ይሆናል፤ የብዕር ስሜ "ፎገራው" ነው፣ ወረታ ውስጥ ፎገራው ማን እንደሆነ ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ባጃጆቹ ደጃፉ ላይ ተደርድረዋል። ነጂዎቹ ከውጭ ቆመዋል፤ ማንም አልገባም። ድስቱ ተጥዷል፣ እንጀራው ተደርድሯል፣ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው። እሷ መካከል ላይ ቆማለች።

አየችኝ። ታውቃለች፤ የነገረችው ለእኔ ብቻ ነበርና ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ግን አልጮኸችም። ወንበር ሳበችልኝ፤ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከውጭ ያሉት በደንብ በሚያዩኝ ቦታ። የቋንጣ ፍርፍር አቀረበችልኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

"ብላ። አንተ ስትበላ ያዩሃል። የመሪጌታ ልጅ ከበላ ይገባሉ።"

የጠየቀችኝ ይህን ብቻ ነው። ለምን ጻፍህብኝ አላለችም። ቃልህስ አላለችም። አንዲት ጉርሻ። ከዚያ ቤት ስንት ዘመን የበላሁ ሰው አንዲት ጉርሻ። ቤቷ የሚተርፈው በዚያች ጉርሻ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር።

ውጭ የቆሙትን አየሁ። ሁሉም እኔን ነው የሚያዩት።

"ጾም ነኝ" አልሁ። "ጽጌን ይዣለሁ።"

የጽጌ ጾም የፈቃድ ጾም ነው፤ የያዘ ይይዛል፣ ያልያዘ አይጠየቅም። ለዚህ ነው የመረጥሁት። እኔ ግን ባለፈው ሳምንት፣ በዚያው ጽጌ፣ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ጥብስ ስበላ ደጃፍ የቆሙት ሁሉ አይተውኛል። እሷም ታውቃለች፤ ያቀረበችልኝ እሷ ናት። ፍርፍሩን አነሣችና ሽሮ ይዛ ተመለሰች።

"የጾም አለ፣ ወንድምዓለም።"

"ሰዓቱ አልደረሰም" አልኋት።

አጠገቤ ቆመች፤ ትጠብቀኝ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ሽሮውን አነሣችው። ተነሥቼ ወጣሁ። ከውጭ ካሉት አንዱ "አየኸው፣ የመሪጌታ ልጅ እንኳ አልቀመሰ" ሲል ሰማሁት። ዘወር ብዬ አላየሁም። እንግዲህ ይህ ነው። ለንስሐ አባቴ ያልነገርኋቸው ይህን ነው። በእግዚአብሔር ጾም ስም ሰው ገደልሁ ብዬ እንዴት ልንገራቸው?

ምግብ ቤቷ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። አሁን ጎማ የሚጠገንበት ነው። እሷ ወረታን ለቃ ሄደች፤ ወዴት እንደሄደች አልጠየቅሁም። ባጃጅ ነጂዎቹ ሌላ ቤት መብላት ጀመሩ። አንዱን በኋላ ሆዱን ሲቆርጠው አየሁት፤ አሁን ማን በላህ ልለው ፈልጌ ነበር። ምን አፍ አለኝ?

በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው ስለዚያ መድረክ ሲያነሣ እሳት ጎርሼ እነሣለሁ። ማቆያውን ባያነሡ ይህ አይሆንም ነበር እላለሁ። ያ ልጅ ባይደውልልኝ እላለሁ። በነፃ ያሠሩን፣ የናቁን፣ ያጋደሉን እነሱ ናቸው እላለሁ። ሐሰት አይደለም፤ ሁሉም እውነት ነው። ማቆያው ቢኖር ከጽሑፌ በኋላ የመጣው ሁሉ ይያዝ ነበር። ግን የሚይዘው ማን ነበር? ከአወያዮቹ አንዱ እኔ አይደለሁም? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ከአዲስ አበባ ማንም መጥቶ እጄን ይዞ አላስጻፈኝም። ሽሮው ከፊቴ ሲቀርብም አስተዳደሩ እዚያ አልነበረም።

በአስተዳደጌም ላሳብብ አልችልም። ካህን አሳድጎት ነው፣ የአገሩ ወግ ይዞት ነው እንዳይሉልኝ። አባቴ በይፋግ ሸክላ ሠሪዎቹ ቤት ተዝካር ሲኖር ገብተው ይበሉ ነበር፤ በልተው መርቀው ይወጡ ነበር። ሰው ቢያማቸውም አይሰሙም። ያን ሐሙስ በእኔ ቦታ አባቴ ቢሆኑ ያን ፍርፍር ይበሉት ነበር፤ ጭማሪም ይጠይቁ ነበር።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ይፋግ ገበያ ሄድሁ። ድስት ልግዛ ብዬ ራሴን አታለልሁ። እናቷን አገኘኋቸው፤ ሸክላቸውን በፊታቸው ደርድረው ተቀምጠዋል። ሰላም አልኋቸው፤ ልጅዎን ወረታ አውቃት ነበር አልኋቸው። ቀና ብለው አዩኝ፤ ከእግሬ እስከ ራሴ።

"አሃ" አሉ፤ "ጾመኛው አንተ ነህ?"

መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ከጉያቸው ትንሽ ስልክ አወጡና ደወሉ፤ "ያ ጾመኛ መጥቷል" አሉና ሰጡኝ።

ድምፅዋ አልተለወጠም። ሰላም ሳልላት ይቅር በይኝ አልኋት። ገበያተኛው እንዳይሰማኝ ፊቴን ወደ አጥሩ አዙሬ፣ እጄን በአፌ ላይ አድርጌ።

"ማን አለ አጠገብህ?" አለችኝ።

"ማንም የለም። እናትሽ ብቻ።"

"ገበያ መሐል ሆነህ ማንም የለም?" ከጀርባዋ የሳህን ድምፅ ይሰማኛል፤ ምግብ ቤት ይመስላል፤ ደስ አለኝ። "ስታዋርደኝ ፎገራ ሁሉ እየሰማ ነበር። አሁን ይቅርታ ስትለኝ ግን ታንሾካሹካለህ። ይኸ ለእኔ አይሆነኝም፣ ወንድምዓለም። መጀመሪያ ለእነሱ ንገራቸው። ደጃፌ ቆመው ላዩህ። ከዚያ ደውል።"

ስልኩን ዘጋችው። እናቷ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ተቀበሉኝ። ድስት አልሸጡልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ግን አልረሳሁም፤ ዝም ነው ያልሁት፤ ያ ደግሞ ከመርሳት ይከፋል። ከይፋግ ከተመለስሁ ጀምሮ ይህን ስጽፍ ስቀድድ ቆየሁ። በአንዱ ላይ የብዕር ስሜን ጻፍሁበት፤ አየሁትና አፈርሁ። እሷን ከነቤቷ ከነእናቷ አውጥቼ ገበያ ላይ ያሰጣሁ ሰው፣ ራሴን ዛሬም በብዕር ስም ልሸሽግ? አባቴ ገና በሕይወት አሉ፤ ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሰማቸው አውቃለሁ። ሚስቴም ከሰው ነው የምትሰማው። ፈርቻለሁ። ይሁን።

ነገ ይህን ጽሑፍ በፎገራ ክፍል ውስጥ እለጥፈዋለሁ፤ ወረቀቱንም ሱቄ በር ላይ እሰቅለዋለሁ። ባጃጅ ተራ ለቆማችሁት፣ ያን ዕለት ለጻፋችሁትም፣ ላልጻፋችሁትም ነው። ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይቅርታው የእሷ ነው፣ ከሰጠችኝም በራሷ ጊዜ ትሰጠኛለች፤ ካልሰጠችኝም አልከሳትም። ከእናንተ የምፈልገው እንድታውቁት ብቻ ነው።

ይትባረክ እባላለሁ። መገንጠያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ የማነሣው፣ የመሪጌታ ሐዲስ ልጅ። "ፎገራው" እኔ ነኝ። ክፍሉን የከፈትሁት እኔ ነኝ፤ ያን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ከዚያች ሴት እጅ ብዙ ዘመን በልቻለሁ፤ አንድም ቀን አላመመኝም። ያን ሐሙስ ጽጌን አልያዝሁም ነበር። ሽሮው ቀርቦልኝ ያልበላሁት እናንተን ፈርቼ ነው።